ከኢላማው ሥር

እነሱ ከማዶ ናቸው፣ ሺህ ያርድ ርቀው፣
ሰደፉን ከጉንጫቸው አጣብቀው።
እኔ ከኢላማው ሥር፣ ከሲሚንቶ ጉድጓድ፣
ከአናቴ በላይ ነው የጥይቱ መንገድ።
ሙጫ በቆርቆሮ፣ ወረቀት በኪሴ፣
የበሱትን ስደፍን፣ ዝቅ እንዳለ ራሴ።

የማኒዮቶቶ ሜዳ ቢጫ ሣር ነው ሁሉ፣
በጎቹ ተኩሱን ለምደው ይግጣሉ።
ነፋሱ ግን አይለመድም። ከተራራው ወርዶ
አንዴ ሣር ያስተኛል፣ አንዴ ባንዲራ ያቆማል፣
ስንቱን አነጣጣሪ አሳፈረው ማልዶ።

ጠዋት ከዳሱ ሥር ሻይ ሲቀዳ
ክርክሩ ያው ነው፣ የማያልቅ ዕዳ።
ታማቲ የስድስት ነጥብ አምስት ወዳጅ፦
«መቶ አርባ ግሬን ይበቃል፣ ትከሻ አይፈጅ፤
ቀጭን ነው፣ እንደ መርፌ አየሩን ይወጋል፤
ስድሳ ተኩሼ እንኳ እጄ ማንኪያ ያነሳል።»
ላክላን በሰባት ሚሊው ከመሀል ቆሞ፦
«መቶ ሰማንያው ያስታርቃል፣ ሁለታችሁንም ቀድሞ።»

ኤልስፔት አትከራከርም።
ከኪሷ አንዱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታቆማለች፤
ሦስት መቶ ማግነም፣ ነሐሱ የጠርሙስ ትከሻ ያለው፣
ጫፉ ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ ግሬን፣
የሕፃን ጣት የሚያህል።
«ቀስ ብሎ የተነሳ» ትላለች፣ «መንገድ ላይ አይቀርም።»
ሻይዋን ትጨርሳለች።

እኔ ቁጥሩን አላውቅም፤ የማውቀው በጆሮ ነው።
ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይሉ የለ?
ጥይትም እንደዚያ፦ መጀመሪያ ጧ! አየሩ ሲሰነጠቅ፣
ከዚያ አንድ ትንፋሽ ሙሉ ዝምታ፣
ከዚያ፣ እንደ ዘገየ መርዶ፣
የአፈሙዙ ጉርምርምታ።

የታማቲ ጧታ የተወጠረ ክር ሲበጠስ ነው፤
የላክላን፣ ደረቅ ጭራሮ።
የክለቡ አሮጌ ሦስት መቶ ስምንት፣
ቀላል እርሳስ ጎርሶ፣ በብርድ ቀን ሲመጣ፣
ጉልበቱ እመንገድ ያልቅና ጅራፉ ይጠፋል፤
እንደ ሰከረ ንብ እያንዣበበ
ወረቀቱን በጎኑ ይበሳዋል።
የኤልስፔት ግን የወፍጮ ቤት በር ሲወረወር፤
ከኋላዬ ያለው የአፈር ክምር ያቃስታል፣
ጥርሴ መሀል አሸዋ ይገባል።

በሚያዝያው ውድድር ባንዲራው እንደ ጣውላ ደረቀ።
የታማቲ ጥይቶች ሁለት ስንዝር ወደ ቀኝ፣
ለላክላን አንድ ስንዝር ያህል ምልክት ሰጠሁ።
የእሷ ሰባቱም ከጥቁሩ ክብ አልወጡም።
ስምንተኛውን ጠበቅሁ።
ጠበቅሁ።
ስልኩ ጮኸ፦ «አበቃች፤ ኢላማውን አውርድ።»

ከባድ ጥይት ለነፋስ ይከብዳል፤ ለአጥንትም።
ሐኪሙ ትከሻዋ ውስጥ ብረትና አራት ብሎን አኖረ፤
ጠመንጃው የገዛ ጉሮሮውን በባሩድ በልቶ
እሱም አዲስ አፈሙዝ ተገጠመለት።
ክረምቱን ሙሉ ያን በር ሳልሰማ ከረምሁ፤
ታማቲ ሲያሸንፍ እንኳ
ውድድሩ የቀለለ መሰለኝ።

ቅዳሜ ዕለት፣ በጉ ሲወልድ፣
እጇን በጨርቅ አንግታ ወደ ጉድጓዱ ወረደች።
ማዶ የወንድሟ ልጅ ሩዋሪ ጠመንጃዋን ይዞ ተኝቷል።
«አርባ ዓመት ልኬአለሁ» አለችኝ፣
«አንድም ቀን አልተቀበልኩም።
እንዴት ነው የሚሰማው?»
ባልዲውን ገልብጬ አስቀመጥኳት።
ግራ ጆሮዋ ከሞተ ቆይቷል፣
ስለዚህ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

ጧ።

አፈሩ አቃሰተ። ትንፋሿን ያዘች።
ጉርምርምታው እስኪደርስ ድረስ ያዘችው፣
ደርሶ ካለፈም በኋላ።

ኢላማውን አወረድኩ። ሙጫውን ከእጄ ወስዳ
ቀዳዳውን በአንድ እጇ ራሷ ደፈነች፤
ሦስት ጣት ወደ ቀኝ ነበር።
«ነፋሱን ናቀው» አለች፣ «ደውልለትና ንገረው።»
ስልኩን ሳነሳ
መዳፏ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ነበር።